ጋሽ በቀለን የሸኘው እርቅ

ሸዋ ሮቢት
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ለሚለየን ለወንድሜ ለሐሚድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጂዳ ያለው ሰውነትህና እዚህ የቀረው ልብህ እንደምን ሰነበቱ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከሙቀቱና ከንዴቱ በቀር የጎደለን የለም። በስልክ ስናወራ እኔ አለቅሳለሁ፣ አንተ «ሁሉ ሰላም ነው» እያልክ ትዋሸኛለህ፤ ወረቀት ይሻላል የተባባልነው ለዚህ ነው። እኔ እጽፋለሁ፣ ልጄ ሐያት ፎቶ አንስታ በኢሞ ትልክልሃለች። ዳታ ካለ ዛሬውኑ፣ ከሌለ አላህ ባለው ቀን ይደርስሃል።

ነገርን ከሥሩ ነውና ልንገርህ። ጋሽ በቀለን አባረሯቸው።

አዎ፣ የእኛን ጋሽ በቀለን። አንተን በልጅነትህ በረኛ ያደረጉህን፣ ሮቢት ኮከብን ከሰፈር ቡድን አንስተው ሰው የሚፈራው ክለብ ያደረጉትን። ትናንት ጠዋት ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ልምምድ ሊያሠሩ ሲመጡ የሜዳው ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ እንዳላስገባዎ ታዝዣለሁ» አላቸው። እያለቀሰ ነው የነገራቸው። እሳቸው «አንተ ምን ታደርግ» ብለው ትከሻውን ቸብ አድርገው ተመለሱ። ፊሽካውን እንኳ አላወለቁትም፤ እንዳንጠለጠሉት በእኔ መደብ ፊት አለፉ። ሰላም ሲሉኝ ቲማቲም እየመዘንኩ ነበር፤ ለገዢዋ ስንት ኪሎ እንደሰጠኋት እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ከተማው ከተማ አልሆነም። ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሜዳውን ዞሩት፤ አንዱማ ተሳፋሪውን ከነቋጠሮው መንገድ ላይ አውርዶ ነው የሄደው። ጎረቤቴን ዘምዘምን ታውቃታለህ፣ ኳስ ክብ መሆኗን ከእኔ ሰምታ ነው የምታምነው፤ እሷ እንኳ ሽንኩርቷን ጥላ ተነሥታ «ምን አደረጉ? ምን አደረጉ ሽማግሌውን?» እያለች ጮኸች። የቦርዱ ሊቀመንበር አቶ አብዱረሂም የሲሚንቶ ሱቁን ዘግቶ ዋለ። በማስታወቂያ ሰሌዳ የለጠፉት ምክንያት «ውጤት በመጥፋቱ» ይላል። ያጠፋነው ውጤት ካራቆሬ ላይ የተሸነፍነው ነው፣ እሱን ብቻ!

ገንዘብ ላክ አልልህም። እዚያ ያሉትን ደጋፊዎች አስነሣልኝ። ከውጭ የመጣ ድምፅ እዚህ ይሰማል፤ የራሳችንንማ ለምደውታል።

ሐያት ትምህርቷን ይዛለች፣ አንደኛ ካልወጣሁ ብላ ራሷንም እኔንም እያስጨነቀች ነው። ሱሌይማንም ደኅና ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም።
እህትህ ጣይባ


ጂዳ
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ጣይባ፣ እናት ለሆንሽኝ እህቴ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናሽን ይስጥልኝ፣ ደጅሽን ሰላም ያድርግልኝ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ የምቀመጥበት ጠፍቶኛል።

ከጁምዓ በኋላ የሮቢት ልጆች ተሰበሰብን። ምግብ የሚያበስለው ሰዲቅ ስልኩን ግድግዳ ላይ ወርውሮ ሰበረውና ደግሞ ስልኩን አለቀሰ። አንዱ ክለቡን ተዉት ይላል፣ አንዱ በፌስቡክ እናዋርዳቸው ይላል። ጋሽ በቀለ ያላሠለጠኑት ሰው በመሃላችን የለም እኮ! በረኛ ስሆን እጄ እንዳይቆስል ብለው የገዛ ሚስታቸውን የሹራብ ጓንት አምጥተው የሰጡኝ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ክረምቱን ሙሉ ሲቆጧቸው ከረሙ።

አሁን ስሚኝ። በጩኸት አታሸንፏቸውም። አብዱረሂምን አብረን አድገናል፤ ጩኸት ሲሰማ ይደርቃል፣ ሽማግሌ ሲገባበት ግን መሬት መሬት ያያል። ሽማግሌ ይግባ። ሼህ አብዱልመሊክ ይያዙት፣ ከጋሽ በቀለ ወገንም አንድ ቄስ ይኑርበት። ለሽማግሌ እምቢ ብሎ ሮቢት ውስጥ ሲሚንቶ የሚሸጥ ሰው የለም።

እኔ ደኅና ነኝ። ሥራውም ጥሩ ነው፣ ከፊሌ፣ አሠሪዬ ማለት ነው፣ መልካም ሰው ነው። መኪናው አጠገብ ሆኜ የተነሣሁትን ፎቶ ልኬልሻለሁ፤ ለልጆቹ አሳዪያቸው።

አንድ ነገር ግን። ስለ ሐያት ጻፍሽልኝ፤ ስለ ሱሌይማን «ደኅና ነው» ብለሽ አለፍሽ። የክለቡ በረኛ እሱ አይደለም እንዴ? ስለ ዘምዘም ከጻፍሽው ስለ እሱ የጻፍሽው ያንሳል። ምን ሆነ?

ወንድምሽ ሐሚድ


ሸዋ ሮቢት
የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሐሚድ፣

የአላህ ሰላም ባለህበት ይውረድ። መልሱን ያዘገየሁት ዳታ ጠፍቶ አይደለም። ዳታው ነበረ። ብዕሩን ባነሳሁ ቁጥር የማልጽፈው ነገር ቀድሞ እየመጣብኝ ነው።

ጋሽ በቀለን ያባረራቸው ውጤት አይደለም፤ ልጄ ነው።

አብዱረሂም የእህቱን ልጅ በረኛ ማድረግ ይፈልጋል። ለካራቆሬው ጨዋታ «እሱን አሰልፉልኝ» ብሎ ጋሽ በቀለ ቤት ድረስ ሄደ። እሳቸው «ሱሌይማን እያለ እንዴት ብዬ?» ብለው ሻይ ጋብዘው መለሱት። ጨዋታው ላይ ደግሞ ሕፃን የሚይዛት ኳስ በሱሌይማን እግሮች መሃል ሾልካ ገባች። ለአብዱረሂም ሰበብ ሆነለት። ሱሌይማን ይህን ሁሉ ያውቃል። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲበላ ቀና አይልም፤ ጋሽ በቀለ በመንገድ ሲመጡ ካየ በሌላ ይዞራል። አዲሱ አሰልጣኝ ደግሞ ወንበር ላይ አስቀምጦታል፤ ለሌላ ቡድን ልጫወት ብሎ መልቀቂያ ቢጠይቅ አብዱረሂም «እኛ ያሳደግነው ልጅ ነው» ብሎ ከለከለው። አያጫውቱት፣ አይለቁት።

ባለፈው ሳምንት የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ቦታ አየሁት። ከሾፌሮቹ ጋር ያወራል። ልጄ ከመቼ ወዲህ ነው የሾፌር ወዳጅ የሆነው? ቤት ሲገባ ብጠይቀው «እማ፣ አጎቴስ በዚያው መንገድ አይደል የሄደው? ይኸው መኪና ገዝቷል» አለኝ። ፎቶህን ስልኩ ላይ አስቀምጦታል። ያ መኪና ያንተ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ባለቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ይታያል። ሱሌይማን ግን የሚያየው መኪናውን ብቻ ነው።

ሐሚድ፣ ይደውልልሃል? በአላህ እውነቱን ንገረኝ። ገንዘብም እንዳትልክለት፤ ለጓንት ብለህ ብትልክ ለባሕር ነው የሚሆነው።

የሽማግሌውን ነገር ላልከው ከተማው ሁሉ ወዶታል። ሼህ አብዱልመሊክ «ረመዳን ሳይገባ ይታረቁ፣ ቂም ይዞ የሚጾም ሰው ረሃብ ነው የሚተርፈው» ብለው ተቀብለዋል። እኔ የማስበው ሌላ ነው። ጋሽ በቀለ ከተመለሱ ልጄ ይመለሳል። ሌላ ተስፋ የለኝም።

እህትህ ጣይባ


ጂዳ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሥራ ስለበዛ ባጭሩ ነው።

አይደውልም። ልጅ ነው፣ ይናደዳል፣ ይረሳዋል። የሽማግሌውን ቀን አሳውቂኝ፤ እዚህ ሁላችንም ዱዓ እናደርጋለን። ገንዘብ እንዳልልክ ስላልሽ ጓንቱን ራሱን ዑምራ ከመጣ ሰው ጋር ልኬያለሁ።

የመኪናውን ነገር ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ሐሚድ


ሸዋ ሮቢት
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐሚድ፣

ሰላምታውን ልብህ ይሙላው።

ዛሬ ጠዋት በሼህ አብዱልመሊክ ግቢ ከማንጎው ሥር ሽማግሌዎቹና እንዳልከው አንድ ቄስ ተቀመጡ። እኔ ለሽማግሌዎቹ ውሃ በማቀበል ሰበብ ገብቼ እሰማለሁ። ከአጥሩ ውጭ ደጋፊው ማልያውን ለብሶ፣ ከበሮውን ይዞ መንገዱን ሞልቶታል። «ይመለሳሉ!» እያለ ይጨፍራል።

ጋሽ በቀለ የተበደሉትን ሁሉ ተናገሩ፣ ስድብ የለ፣ ጩኸት የለ። ከዚያ አብዱረሂም ተነሥቶ ጫማውን አወለቀና ድንጋይ ተሸክሞ ፊታቸው ጎንበስ አለ። ስንት ዘመን ሙሉ ሲሚንቶ በሰው ጫንቃ ሲያስጭን የኖረ ሰው፣ ድንጋዩ ከማጅራቱ ላይ ይንሸራተትበት ነበር። ሳቄ መጣ፤ ደግሞ አሳዘነኝ። ጋሽ በቀለ አላስቻላቸውም። ሼሁ ሳይፈቅዱ ተነሥተው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት።

ሼህ አብዱልመሊክ «በቀለ፣ እንግዲህ ምን ቢደረግልህ ሆድህ ይሽራል?» አሉ። ከበሮው ዝም አለ። ውጭ ያለው ሰው አጥሩ ላይ ተለጥፏል። አንድ ቃል ነበር የምንጠብቀው፣ «ሥራዬን» እንዲሉ።

ጋሽ በቀለ «የሱሌይማንን መልቀቂያ ይስጡኝ» አሉ።

ቄሱ ራሳቸው ደንግጠው «ሥራህንስ?» ብለው ጠየቁ። «በሽማግሌ ልመና ብመለስ ነገ ማንን አሰልፋለሁ? የለመነልኝን ሰው ልጅ ሁሉ ነዋ! ማጀቴ ከተማ ያሉ ልጆች አሰልጣኝ የላቸውም፣ በረኛም የላቸውም፣ ወደ እነሱ እሄዳለሁ» አሉ። ከዚያ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። አብዱረሂም እያለቀሰ ትከሻቸውን ሳማቸው፣ መልቀቂያውንም እዚያው ፈርሞ ሰጣቸው። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ ባረኩ፣ «ይህን እርቅ በቃል ያፈረሰ፣ ያለፈውን ያነሣ፣ ከዱዓችን የወጣ ይሁን» ተባለ። አሚን ተባለ። እኔም አሚን አልኩ፣ አፌ እሺ ብሎኝ።

አየህ ሐሚድ? ሽማግሌዎቹን «አስታርቁልን» አልናቸው፤ አስታረቁልን። «መልሱልን» ያለ ሰው አልነበረም፣ ሁላችንም ያው ነው ብለን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኛ ነን፤ እስከ ትናንት መጮህ እንኳ እንችል ነበር። ወሬው ወደ ውጭ ሲወጣ አንዱ እልል አለ፤ ሌላው «ተመለሱ?» አለ፤ «የለም፣ ታረቁ» ተባለ። ከዚያ ያን ሁሉ ሰው ዝምታ ዋጠው። አንዱ በአጠገቤ ሲያልፍ «በአንድ በረኛ ሸጡን» አለኝ። ጋሽ በቀለ የሰጡኝ መልቀቂያ በእጄ ነበር፣ ለልጄ ላደርስ እየሮጥኩ ነበር።

ቤት ስገባ ሱሌይማን የለም። ልብሱ የለም። የላክህለት አዲስ ጓንት አልጋው ላይ ተቀምጧል። ከተማው ሁሉ አጥሩ ላይ ተለጥፎ ሳለ ሄዷል።

ማጥራት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አንተ ታውቃለህ። የት እንደሆነ ንገረኝ።

ጣይባ


ጂዳ
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ደውሎልኛል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ይደውልልኛል። «ለእማ እንዳትነግራት» አለኝ፤ ምስጢሩን ከጠበቅሁለት መደወሉን አይተውም፣ እያወራሁ እይዘዋለሁ ብዬ ነው። አላህ ያውቃል፣ አልላክሁልሽም እንጂ ልነግርሽ ብዙ ጊዜ ጽፌ ነበር።

እንዳይመጣ ያላልኩት የለም። ፍየል እንደምጠብቅ ነገርኩት። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ እንደሌለኝ፣ የፖሊስ መኪና ባየሁ ቁጥር ከፍየሎቹ መሃል እንደምተኛ ነገርኩት። የምተኛበትን የቆርቆሮ ክፍል ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። በጀልባው ላይ አጠገቤ የነበረውን ልጅ ምን እንዳደረጉት ነገርኩት፤ ለአንቺ ግን አልነግርሽም። ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «አጎቴ፣ ለራስህ ደርሰህ እኔን ትከለክለኛለህ» አለኝ። እውነቱን ስነግረው አላመነኝም፣ መኪናውን ነው ያመነው።

አፋር፣ ሎጊያ ነው ያለው። ወይ ዛሬ ማታ ይደርሳል። ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ሰማያዊ በር ያለው ግቢ አለ፣ ደላላው ሰው የሚያጠራቅመው እዚያ ነው። መኪና እስኪሞላ ቀናት ያቆያቸዋል። ፖሊስ እንዳትልኪ፤ በአጥር ዘልለው ወደ በረሃው ነው የሚሮጡት። አንቺም እንዳትሄጂ፤ ካየሽ አፍሮ ይደበቃል። ለጋሽ በቀለ ንገሪያቸው።

ግቢውን እንዴት እንዳወቅሁት አትጠይቂኝ። እኔም እዚያ ነበርኩ። መንገዱን ወደሚያሳየው ወገን ዞሬ ነበር የምቀመጠው።

ሐሚድ


ሸዋ ሮቢት
ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአንድ ወንድሜ ለሐሚድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዒዱን እንደምን ዋልክ? ረመዳኑን ሙሉ ሳልጽፍልህ የቀረሁት ተናድጄብህ ነው። ልጁ መመለሱን ከራሱ እንደሰማህ ስለማውቅ ቅጣቴ አይከብድብህም ብዬ ነው። አሁን ንዴቴ ስለበረደ ሁሉን በቅደም ተከተል እነግርሃለሁ።

ደብዳቤህን ለጋሽ በቀለ ሳነብላቸው ኮታቸውን እየለበሱ ነበር የሰሙኝ። «ሥራ የለኝ፣ ምን ያስቀረኛል?» አሉ። የጭነት መኪና ለምነው ጋቢና ውስጥ ገቡ። ሁዳዴ ነው፣ ሾፌሩም ረመዳንን ሊቀበል አስቀድሞ ይጾማል፤ ሁለቱም ሳይበሉ በዚያ ሙቀት ሎጊያ ገቡ።

ግቢውን አገኙት። ልጆቹ ቀን መግፊያ ኳስ ይጫወታሉ። ሱሌይማን በሁለት ጀሪካን መሃል ቆሟል፣ ጀርባውን ሰጥቶ። ጋሽ በቀለ አልጠሩትም፣ አልተቆጡትም። ከጀርባው ቆመው ልምምድ ላይ እንደሚሉት «ቀኝህ ባዶ ነው፣ ጠጋ በል» አሉት። ጠጋ አለ። ዞሮ እንኳ ሳያይ፣ እግሩ ለምዶ፣ ጠጋ አለ። ከዚያ ነው ድምፁ የማን እንደሆነ የገባው። ኳሷ ገባች፤ ግድም አልሰጠው፤ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። «በእኔ ምክንያት ነው የተባረሩት» ሲላቸው «በእኔ ምክንያት ነው እንጂ፣ አንተን ያሰለፍኩህ እኔ ነኝ» አሉት። ለደላላው ምን እንዳሉት አይነግሩኝም። ልጄን ግን ይዘውት መጡ።

እንግዲህ ሱሌይማን የማጀቴ በረኛ ሆነልህ። እዚህ ደግሞ ሮቢት ኮከብ ሲጫወት ደጋፊው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል። እርቅ ያፈረሰ የለም፣ ክፉ የተናገረ የለም። ጎል ሲገባ ዝም፣ ሲገባብን ዝም። አዲሱ አሰልጣኝ «ይሄ ሜዳ ነው መቃብር?» ብሎ ጠይቋል አሉ። አብዱረሂም ሼሁ ዘንድ ሄዶ «ዝም ብለው እየሰደቡኝ ነው» ብሎ ቢከስ፣ ሼሁ «ዝምታን የሚከለክል ኪታብ አላገኘሁም» አሉት።

ባለፈው እሑድ ማጀቴዎች እዚህ መጡ። ከወትሮው ቦታዬ ተቀመጥኩ፣ ከራሳችን ደጋፊ መሃል። ማልያዬ የሮቢት ነው፤ ሌላ የለኝም። ጋሽ በቀለ ሲገቡ ያው ዘበኛ በሩን ሁለት እጁን ዘርግቶ ከፈተላቸው። ሜዳው ዝም አለ። እሳቸውም ቀና ብለው አላዩንም።

ሊያልቅ ሲል፣ ጎል ሳይቆጠር፣ ለእኛ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ለእኛ ስልህ ለሮቢት ማለቴ ነው፤ የቱ እኛ እንደሆነ በዚያች ሰዓት ጠፍቶኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን የደገፍኩት ክለብ ሊያገባ፣ ልጄ በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኔን ልጨፍን ብል ዘምዘም ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች። መቺው ኳሷን መታት። ሱሌይማን ወደ ቀኙ ተወርውሮ በዚያ አንተ በላክኸው ጓንት ያዛት። አልተፋትም፤ ደረቱ ላይ አቅፎ ተኛ።

እልልታዬን ለቀቅሁት። በዚያ ሁሉ ዝምታ መሃል፣ በገዛ ክለቤ ላይ፣ ብቻዬን። ዘምዘም «ለማን ነው የምንጮኸው?» አለችኝ፤ «ዝም ብለሽ ጩሂ» አልኳት። ጮኸች። ከዚያ ባጃጆቹ፣ ከዚያ ሽንኩርት ተራው፣ ከዚያ «በአንድ በረኛ ሸጡን» ያለኝ ያ ሰውዬ ሳይቀር ተነሣ። ሜዳው ጋሽ በቀለ ከተባረሩ ወዲህ ያጠራቀመውን ጩኸት ሁሉ በአንድ ጊዜ አወጣው። የማንንም ስም አልጠሩም፣ እርቁ እንዳይፈርስ። ጋሽ በቀለ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። አብዱረሂም መሬት መሬት ያይ ነበር፣ አንተ እንዳልከው።

አሁን ደብዳቤውን ያስጀመረኝን ልንገርህ። ከጨዋታው በኋላ ጋሽ በቀለ እኔ ቤት ራት ቀመሱ። ሱሌይማን ውሃ ሊያመጣ ወጣ ሲል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጣይባ፣ ያኔ ሐሚድ ሲሄድ ማን ተከተለው?» አሉኝ።

ማንም አልኳቸው። ልጁ ወንድ ነው፣ ደርሶ ይደውላል ብለን ቁጭ አልን። አንተ መንገዱን ወደሚያሳየው ወገን ዞረህ ተቀምጠህ ሳለ፣ እኛ እዚህ ስልክ እንጠብቅ ነበር።

ጋሽ በቀለ እጃቸውን ከምግቡ አነሡ። ከዚያ «ባሕር ማዶ መኪና አያደርሰኝም እንጂ» አሉ።

ሐሚድ፣ ወንድሜ፣ ዘግይተናል። ግን ተከትለንሃል። መኪና አያስፈልግህም፣ ፎቶም አያስፈልግህም፤ ባዶ እጅህን ና።

እህትህ ጣይባ